ለኮረብታው የወጣለት ስም

በዚያ ዘመን አሰበ ተፈሪ ውስጥ፣ ከካህናቱ በቀር፣ መጽሐፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ከተማዋን ይጠላት ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የታሪክ መምህር ነው። ሲመጣ ለአንድ ዓመት ነው ተብሎ ነበር፤ እኔ ሳውቀው ጠጉሩ ሸብቷል። ሚስቱና ልጆቹ ደብረ ማርቆስ ቀርተዋል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ «ይህ ጭቃ ሰው ይበላል» ይላል፤ ከዚያ ጫማውን ያይና ይገባል።

እኔ ከመቻራ የሚመጣውን ቡና በአንድ ነጋዴ መጋዘን እመዝን ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ትቼ፣ ማንበብን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ የተማርኩ ሰው ነኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ የምጽፈው በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ነው። መምህሩ መጽሐፍ የሚያውሰኝ በአንድ ውል ነበር፦ እሁድ እሁድ በእግር ሲወጣ ቦርሳውን እሸከማለሁ። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። «አንተ ባለቅኔ» ይለኛል፤ አፉ ጠመም ብሎ።

ቦርሳው ውስጥ ያለው አንድ መጽሐፍ ነው። ከጎንደር ነገሥታት በፊት አገራችንን ያቋረጠ አንድ ፈረንጅ መንገደኛ የጻፈው፣ በኋላ በፈረንሳይኛ የታተመ። በአንድ ገጽ ላይ መንገደኛው ግመል ከሚጠጣባቸው የቆላ የውሃ ጉድጓዶች ተነስቶ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በድንጋይ የታጠረች ከተማ ያገኛል፤ ንጉሥ ድንኳን ተክሎባታል፤ አጠገቧ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከተማዋን «ዋሊዛ» ብሎ ይጠራታል። መምህሩ ዋሊዛ የት እንደነበረች የሚያውቅ የመጀመሪያው ሰው ለመሆን ቆርጦ ነበር። ሌላ የሚያደርገውም አልነበረውም።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። አንድ ቦታ ይደርሳል፤ ሽማግሌ ያስጠራል፤ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ከዚያ «ይህ ቦታ ድሮ እንዲህ ይባል ነበር?» ይላል። ሚኤሶ ላይ ግመል የሚያጠጡትን ሰዎች ጉድጓዶቹ ድሮ በመጽሐፉ ስም ይጠሩ እንደነበር ጠየቀ። አዎ አሉት። ደስ ብሎት ለሁሉም ሻይ ጋበዘ። በወሩ ሂርና ላይ ያንኑ ስም ለአንድ ምንጭ ጠየቀ። እዚያም አዎ አሉት። ተናደደ።

«አንድ ጉድጓድ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም!» አለኝ፣ እኔ የቆፈርኩት ይመስል።

የመንግሥት ሰው በእኛ አገር ሲጠይቅ መልሱን አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ገበሬው ያንን ያውቃል። «የለም» ያለው ሰው ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ከብቱ ስንት ነው፣ ይህ ማሳ የማን ነው፣ ወንድ ልጅህ የት ሄደ። «ኤዬ» ያለ ሰው ግን ወደ ጥላው ይመለሳል። በኦሮምኛ አዎ ማለት ነው። ከገበሬዎቹ ልጆች ጋር ስላደግኩ ይህን ከፊደል በፊት ነው የተማርኩት። ኮትና ጃንጥላ ያለው ሁሉ ደግሞ ለእነሱ የመንግሥት ሰው ነው፤ መምህር ይሁን ሐኪም አይለዩትም።

ነገሩ እንዲሁ በእሁድ ሽርሽር ባለቀ ነበር፤ አንድ ሹም ባይሰማ ኖሮ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚያልፍ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ መንገዱ ሁሉ ኖራ እየተቀባ ነበር። ሹሙ መምህሩን አስጠራው። ቦርሳውን ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ።

«ሐረር ግንብ አላት፤ እኛ ምን አለን?» አለ ሹሙ። «ጫትና ጭቃ። ስማ አንተ መምህር፤ ያቺን የንጉሥ ከተማ አግኝልኝ። እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስን አገኝልሃለሁ።»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ፣ ከጥርጊያው በላይ አንድ ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ይታያል። አገሬው እንዲህ ያለ ፍርስራሽ ባየ ቁጥር «የሐርላ ሥራ ነው» ይላል፤ ሐርላ ማለት ድሮ ነበሩ የሚባሉ ግዙፍ ሰዎች ናቸው። ከካቡ በታች እስከ መንገዱ ድረስ በእርከን የተተከለ ጫት ነው። ጫቱ የአንድ ሽማግሌ ነው። ጫካውን አባታቸው መንጥረውታል፤ እርከኑን እሳቸው በእጃቸው ክበውታል፤ አባታቸው የተቀበሩት ካቡ አጠገብ ነው። ከዚያ ኮረብታ ሌላ ምንም የላቸውም።

ሹሙ አንድ ጠመንጃ የያዘ ነጭ ለባሽ ዘበኛ ሰጠንና ወጣን። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ብድግ አሉ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ይላሉ።

«ምን ፈለግህ፣ ጎፍታ?» አሉት መምህሩን። ጌታዬ ማለታቸው ነው።

«እርስዎ በል! ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለ ነጭ ለባሹ።

«እሺ፣ አንተም እርስዎ» አሉት ሽማግሌው፣ ከልባቸው። ሳቄን በቦርሳው ሸፈንኩ።

መምህሩ መጽሐፉን ገለጠ። «አባቴ፣ ይህ ኮረብታ በጥንት ጊዜ ዋሊዛ ይባል ነበር?»

«ኤዬ፣ ጎፍታ። ዋሊዛ ነው።»

«ንጉሥ ሰፍሮበት ነበር?»

«ሰፍሯል።»

«ቤተ ክርስቲያንስ ነበረ?»

ሽማግሌው ጠመንጃውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። እስላም ናቸው፤ ልጆቻቸውም፣ ጎረቤቶቻቸውም። «ነበረ» አሉ። «ትልቅ ነበረ።»

ከጎጆው ውስጥ ሚስታቸው በኦሮምኛ «ምንድን ነው የሚፈልጉት?» ብለው ጮኹ።

«ስም ብቻ ነው» ብለው መለሱላቸው በዚያው ቋንቋ። «ሰጥቼ ልሸኛቸው።»

መምህሩ ይህን አልሰማም። ቢሰማም አይገባውም። እየሮጠ ነበር ከኮረብታው የሚወርደው፤ እንዲህ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። መንገዱ ግማሽ ላይ ስደርስበት ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እኚህ ሰው ለጠየቋቸው ሁሉ አዎ ነው የሚሉት።»

«ቀናህ?»

«የሌለ ስም ይጠይቋቸውና ይዩ።»

ቆመ። ዞሮ አየኝ። «አንተ ባለቅኔ አይደለህ? የሌለ ነገር ካንተ ዘንድ አይጠፋም። ስጠኛ።»

ጉም ከላይ ወደ ጫቱ እየወረደ ነበር። ሰሞኑን ከአንድ ግጥም ውስጥ ቤት አልመታ ብሎኝ ያወጣኋቸው ሁለት ቃላት ነበሩኝ። «ሰርገ ደመና» አልኩት።

ተመለስን። ሽማግሌው እንደገና ብድግ አሉ።

«ረስቼ ነው አባቴ፤ ዋሊዛ ከመባሉ በፊት ሰርገ ደመና ይባል ነበር?»

«ኤዬ! ሰርገ ደመና። አባቴም እንዲያ ነበር የሚለው» አሉ። ፊቱ ሲለዋወጥ ስላዩ ያነሰበት መስሏቸው ጨመሩለት፦ «ያኔ ብዙ ሰው ነበረ። ፈረስም ነበረ።»

መምህሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የተቀመጠው የሽማግሌው አባት መቃብር ላይ ነበር፤ ማንም አልነገረውም። መጽሐፉን ዘጋው። ስንወርድ ቀስ እያለ ጠየቀኝ።

«ሚኤሶም እንዲህ ነበር?»

«እንዲህ ነበር።»

«ሂርናም?»

«ሂርናም።»

በጃንጥላው እጀታ ትከሻዬን መታኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ጃንጥላው እንዳልጎበጠ መረመረና መንገዱን ቀጠለ።

ነገር ግን ሰውየው ውሸታም አልነበረም፤ ይህን ልመስክርለት። በሚቀጥለው እሁድ ሹሙ ቤት ምሳ ተጠርቶ እውነቱን ሊናገር ወሰነ። እኔን ለምስክርነት ይዞኝ ሄደ። በሩ ጋ ከነጭ ለባሹ አጠገብ ቆምኩ። መምህሩ ፈርቶ ስለነበር ነገሩን እንደ ቀልድ አድርጎ አቀረበው፦ ገበሬዎቹ ለሁሉ አዎ እንደሚሉ፣ ሽማግሌው የሌለ ስም ቢጠየቁ ከነፈረሱ እንደመሰከሩ። እንግዶቹ ጠጅ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ሹሙ አልሳቀም።

«ማን አላችሁት?»

«ሰርገ ደመና፣ ጌታዬ።»

«ሰርገ ደመና» አለ ሹሙ፣ እንደ ቅልጥም እየመጠጠው። «ማን አወጣው?»

«ይሄ ቡና መዛኝ።»

«ያምራል። ዋሊዛ ምን ይባላል? የአህያ በሽታ ይመስላል። ለእንግዳ ዋሊዛን አሳያለሁ? የጥንት ስሙ ሰርገ ደመና ነው። ፈረንጁ ነው ያበላሸው።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ያልኩት…»

«ሽማግሌው አዎ ብሏል አይደለም?»

«ብለዋል፣ ግን…»

«አንተስ ሰምተሃል?» አለ ወደ በሩ።

«ሰምቻለሁ ጌታዬ» አለ ነጭ ለባሹ። «ፈረስም ነበረ ብሏል።»

«እንግዲህ ሽማግሌ መሰከረ። ልጆችህ ስንት ናቸው፣ መምህር?»

መምህሩ ሳህኑን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በክፍል ውስጥ በሚያስተምርበት ድምፅ «የፈረንጅ ጆሮ የአገር ስም ያበላሻል። ይህ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው» አለ።

«ና እስቲ ባለቅኔው» አለኝ ሹሙ። በእጁ አጎረሰኝ። ግጥሜን ያመሰገነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሥጋው በደንብ የተቀቀለ፣ ቅቤው የበሰለ ነበር። ርቦኝ ስለነበር ጣፈጠኝ።

ሥራው ፈጠነ። ሽማግሌው ሹሙ ፊት ሲቀርቡ እዚያው ነበርኩ፤ ስሙን በመንገድ ሰሌዳ ላይ ለሚቀባው ሠዓሊ ቃላቱን በትክክል እንዳነብለት ታዝዤ።

«በንጉሥ ሰፈር ላይ ጫት ተክለሃል» አላቸው ሹሙ።

«የአባቴ ነው።»

«ንጉሥ ሰፍሮበታል ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ኤዬ፣ ብያለሁ።»

«ቤተ ክርስቲያን ነበረበት ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «ጎፍታ፣ አንተ የላክኸው ሰው ስም ጠየቀኝ። ስም ሰጠሁት። ስም ውሰድ። መሬት አልጠየቀኝም።»

«አሁን እየጠየቅሁህ ነው» አለ ሹሙ። ነጭ ለባሹ ሳቀ። ሠዓሊውም ሳቀ፤ ሠዓሊው ከሹሙ ክፍያ ይጠብቃል።

አጥር ታጠረ። ሰሌዳውን የሚያቆመው መሠረት ድንጋይ ስላስፈለገው ቅርብ ያለውን ድንጋይ ሰበሰቡ፤ ቅርብ ያለው መቃብሩ ነበር። ጫቱን ግን ማንም አልነቀለውም። የሹሙ አማች እየለቀመ በጭነት መኪና ወደ ሚኤሶ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ይልከው ጀመር። «ታሪክ ላይ የበቀለ ጫት ምርቃናው ይለያል» እያሉ በከተማው ይቀልዱ ነበር። ሽማግሌው ከሚስታቸው ጋር ወደ ቆላ ወረዱ። ሚስታቸው በወባ እዚያ እንደሞቱ በኋላ ሰማሁ።

ትልቁ እንግዳም አለፈ። ሹሙ ካባ ለብሶ፣ የተማሪ ሰልፍ አስቁሞ ከኮረብታው ግርጌ ጠበቀ። ዝናብ ነበር። መኪኖቹ መስኮታቸውን ዘግተው ጭቃ እየረጩ ወደ ሐረር ሮጡ። የቆመ መኪና የለም። ካባው ላይ የተረጨውን ጭቃ ሹሙ በመዳፉ ሲጠርግ አየሁ፤ ጭቃው ይበልጥ ተዳረሰ።

መምህሩ ዝውውሩን አገኘ። በሄደበት ቀን አውቶቡስ ላይ ሆኖ መጽሐፉን በመስኮት አቀበለኝ። «ላንተ ይጠቅምሃል» አለ። ፈረንሳይኛ አልችልም። ዋሊዛ የሚለውን ቃል ግን ቅርጹን ስለማውቀው ገጹን አገኘዋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር አየውና እዘጋዋለሁ።

ሰሌዳው ዓመታት ቆመ። በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር ከመኪና ላይ አየዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የላክኋቸውን ግጥሞች አንድም ጋዜጣ አላወጣልኝም። ከጻፍኩት ሁሉ ሰው የሚያነበው እነዚያን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር።

አንድ የድርቅ ዓመት ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ቡና ሳስጭን ሽማግሌውን አገኘኋቸው። የሌላ ሰው የማሽላ ጆንያ እየጠበቁ ነበር። ከስተዋል፤ አንድ ዓይናቸው ነጭ ሆኗል። አላወቁኝም። ኮት ነበረኝ ያኔ፤ ኪሴ ላይ እስክሪብቶ ሰክቻለሁ።

መምህሩም፣ ሹሙም፣ እኔም ያንን ኮረብታ ስናገላብጠው «እንዲህ ይባላል?» እያልን እንጂ «ስሙ ማን ነው?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ይህ ሲከነክነኝ ኖሯል። ስሙን ፈለግሁት፤ ለግጥም።

አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ በኦሮምኛ ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ በሂርና መንገድ ላይ የነበረዎት ኮረብታ፣ አባትዎ የመነጠሩት፣ ስሙ ማን ነበር?»

መጀመሪያ ጫማዬን አዩ። ከዚያ እስክሪብቶውን። ከዚያ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ፤ ልክ እንደ ያኔው።

«ሰርገ ደመና» አሉ በአማርኛ።

«እሱን አይደለም። እውነተኛውን። እናንተ ቤት ውስጥ የምትጠሩትን።»

«ኤዬ፣ ጎፍታ። እውነተኛው ሰርገ ደመና ነው። አባቴም እንዲያ ነበር የሚለው።» ፊቴን በአንድ ዓይናቸው ፈለጉት፤ መልሱ መሙላቱን ለማየት ይመስለኛል። «ፈረስም ነበረ» አሉኝ።

ከዚያ ጆንያውን ጎተት አድርገው «ልሂድ?» ብለው ጠየቁኝ።