ወንድሜ ሊዋኝ የመጣ ጊዜ

ታላቅ ወንድሜ ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ደወለና፣ «እዚህ ሰማዩ ተቀዷል፤ ጫማችን ሻገተ። እናንተ ጋ ፀሐይ አለ፣ ሐይቅ አለ፣ አንተም ትምህርት ቤት ዘግተሃል። መጣሁ» አለኝ።

ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዕድሜውን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው፣ ወንበሩን ባስረከበ ማግስት የተፈጥሮ ወዳጅ ሆኖ ቁጭ አለ። ፈረንጆች አሸዋ ላይ ተንጋለው ፀሐይ ሲሞቁ የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልኩ ላይ አይጠፋም። «ቢች» የምትለዋን ቃልም ከዚያው ለቅሟታል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ ልቀበለው ስሄድ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ቁምጣ ታጥቆ አገኘሁት። ብብቱ ሥር ዳክዬዎች የተሳሉበት ቢጫ የመዋኛ ጎማ አለ፤ ያውም የተነፋ። ከአዲስ አበባ ድረስ አብሮት እንደ ተሳፋሪ ተቀምጦ መምጣቱን በኋላ ሰማሁ።

የባጃጁ ሹፌር፣ «አባባ፣ ወዴት ነው?» አለው።

«ቢች!»

ሹፌሩ ትንሽ አሰበና፣ «ቤንች ዞን በቀጥታ ከዚህ መኪና የለም» አለ፤ በቅንነት።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ለመሳቅ ግን ምን መብት ነበረኝ? አርባ ምንጭ ስኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዓባያና ጫሞ ስንት ሜትር እንደሚጠልቁ ትውልድ አስሸምድጃለሁ፤ እኔ ራሴ ግን ቁርጭምጭሚቴን እንኳ ነክሬባቸው አላውቅም። ሐይቅ የሚባለው ነገር ለእኔ ከላይኛው ከተማ ቆመው ለእንግዳ በጣት የሚያሳዩት ጌጥ ነበር።

በማግስቱ ሦስታችን ጫሞ ወረድን። ባለቤቴ የጫኖ መንደር ገበሬ ልጅ ናት፤ ነገር አታበዛም። ሙዝና የተቀቀለ በቆሎ ቋጥራ ከኋላችን ትከተላለች። ወንድሜ ዳርቻው ላይ እንደደረሰ ፎጣውን አነጠፈ፤ ሸሚዙን አወለቀ። ሆዱን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ፣ ጎማውን ወገቡ ላይ አጠለቀ።

«የተከራየነው ጀልባ ትንሽ ይቆየን። መጀመሪያ ገባ ብዬ ልውጣ» አለ።

ባለ ጀልባው ጠና ያለ የጋሞ ሰው ነው። ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ፣ ከዚያም ዳክዬዎቹን ተመለከተ።

«ጋሼ፣ መግባቱን ትችላለህ። መውጣቱን ነው እኔ የማላውቀው» አለው።

«ለምን? አዞ አለ እንዴ? እኔ ምንም አላይም።»

«እዚያ ጋ ግንድ ይታይሃል?»

«አዎ።»

«ግንድ አይደለም።»

ወንድሜ ሳብ ያደረገውን ሆዱን ለቀቀው። ከዚያ፣ ጣቱን እንኳ ሳያስነካ፣ «ውሃው ለዛሬ ቀዝቀዝ ይላል» ብሎ ሸሚዙን መልሶ ለበሰ። እኔም ወንድም እንደመሆኔ መጠን አልራራሁለትም። «ጋሼ፣ ፈረንጆቹ እኮ እንዲህ በቀላሉ ተስፋ አይቆርጡም» አልኩት። ጀልባው ላይ ከተሰጠው መንሳፈፊያ ጃኬት በላይ የራሱን ጎማ ደርቦ መሀል ላይ ተቀመጠ። «አዞ ገበያ» የሚባለው ቦታ ስንደርስ ገበያተኞቹ አፋቸውን ከፍተው አሸዋው ላይ ተንጋለው ነበር። ቢች ማለት እንግዲህ ያ ነው፤ ሲመኘው የኖረው ሁሉ አለ፣ ቦታው ተይዞ እንጂ። ከበስተጀርባችን ጉማሬ ሲያስነጥስ ወንድሜ ለገብርኤል ስለት ተሳለ።

በነጋታው ጠዋት ባለቤቴ፣ «ጋሼ፣ መዋኘት ካማረዎት ምንጩ ጋ እንሂድ። ውሃው ንጹሕ ነው፤ የሚነክስም የለበትም» አለችው። ከተማችን ስሙን ያገኘበት ምንጭ ነው፤ ጫካው ውስጥ ውሃው የሚጠራቀምበት መዋኛ አለ። ወንድሜ እንደገና ነፍስ ዘራ።

እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁና መቅረጽ ጀመርኩ። እየቀረጽኩም እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ እለፈልፋለሁ። «አሁን ቀኝ እግራቸውን አስገብተዋል! ግራው እያንገራገረ ነው!» ወንድሜ እየሳቀ ወደ መሀል ገባ፤ በጎማው ላይ ተደግፎ እንደ ንጉሥ ተንሳፈፈ።

ድንገት ፉጨት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ጎማው ከድንጋይ ጋር ተፋትጎ ኖሮ መተንፈስ ጀምሯል። ወንድሜ እጁን አወራጨ። ጭንቅላቱ ሰጠመ፣ ወጣ፣ ደግሞ ሰጠመ። ያኔ ነው መዋኘት ጭራሽ እንደማይችል የገባኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ስልኬን እንደያዝኩ ተነሥቼ ቆምኩ። ቪዲዮው እስከ ዛሬ አለ፤ የዛፍ ጫፍ ይታያል፣ ሰማይ ይታያል፣ «ጋሼ! ኧረ ጋሼ!» የሚል የአንድ ጎልማሳ መምህር ጩኸት ይሰማል። ሌላ ምንም የለበትም።

በአጠገቤ አንድ ነገር ሽው ብሎ አለፈ። ባለቤቴ ናት፤ ከነቀሚሷ፣ በጭንቅላቷ ዘላ ገባች። በሦስት አራት ቀዘፋ ደረሰችበት፤ ከኋላው አገጩን ይዛ፣ እንደ ጆንያ እየጎተተች ዳር አወጣችው። አጎንብሶ ሳል አጣደፈው፤ ውሃ ተፋ፤ ከዚያም አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ፎጣውን አለበሰችውና ጀርባውን ታሽለት ጀመር። እኔ ድንጋዩ ላይ እንደገና ተቀመጥኩ።

«ትዋኛለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ጫኖ ወንዝና ቦይ ውስጥ አይደል ያደግሁት? ከወንድሞቼ ሁሉ እኔ እቀድም ነበር።»

«አሥራ አራት ዓመት ስንኖር አንድም ቀን አልነገርሽኝም!»

«አንተ የሐይቁን ጥልቀት ስትነግረኝ እኮ ነው አሥራ አራት ዓመቱ ያለቀው» አለችኝና ቀሚሷን መጭመቅ ጀመረች።

ያኔ የተሰማኝ ፍርሃት ይሁን እፍረት እስካሁን ለይቼ አላውቅም።

ወንድሜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ሰው ሞኝነቱን ካዩበት ሰዎች ይሸሻል ብዬ። እሱ ግን ማታ እራት ላይ፣ «የኔ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜ መማር ይቻላል?» ብሎ ጠየቃት። አንድ ሳምንት ያለው ሰው አንድ ወር ከረመ። የአዲስ አበባ ጎረቤቶቹ ደውለው፣ ወንድምህ ከአዞ ጋር ታግሎ አሸነፈ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «አዎ፣ አዞው አሁንም ሕክምና ላይ ነው» ብያቸዋለሁ።

ትምህርቱ ለሁለታችንም ነበር። እሱ በሁለተኛው ሳምንት መንሳፈፍ ቻለ። እኔ ግን ባለቤቴ መዳፏን ከጀርባዬ ሥር ባነሣች ቁጥር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወደ ታች እወርዳለሁ። የክፍሌ ተማሪዎች ዳር ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ወንድሜም ከእነሱ ጋር ተቀምጦ፣ «አሁን መምህሩ ቀኝ እጃቸውን አነሡ!» እያለ ያስተላልፋል።

«አትታገለው» ትለኛለች ባለቤቴ። «ጠላትህ አይደለም። ጆሮህን ውሃው ውስጥ አድርገውና ዝም በል።»

ዝም ማለቱ ነው ያቃተኝ።