«ሥራ የለኝም» ያሉኝ ባለሙያዎች

ከደሴ የተነሣሁት ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ ጃንጥላና አንድ እሽግ ቅጽ አለ። የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ፤ በክረምቱ እረፍት የፈጠራ ኢኮኖሚን ለሚለካ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተመደብኩ። የፈጠራ ኢኮኖሚ የምንለው ሰው በእጅ ጥበብ፣ በዜማ፣ በሥዕልና በመሳሰለው የሚፈጥረውን ሀብት ነው። አገር ስንዴዋን በኩንታል ትለካለች፤ ዜማዋንና ስፌቷንስ በምን? ጥያቄው ራሱ አስጎምጅቶኝ ነበር። ከቅጹ ጋር የመጣ ሌላም ነገር አለ፦ ቢያንስ አሥር ባለሙያ የተመዘገበበት መንደር የጋራ መሥሪያ ክፍል ይሠራለታል። ከዚያ ካነሰ ክፍሉ ለሌላ መንደር ይሰጣል። ቅጹን የማስረክበው ዓርብ ነው።

ሰኞ፣ አርዲቦ

ሚኒባሱ ቦሩ ሜዳን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ጭጋጉ ተገፈፈ፤ ቆይቶም ሐይቁ ታየ። የእስጢፋኖስ ገዳም ደን ወደ ውኃው ገብቶ ጠቁሯል። ሐይቅ ከተማ የተጠበሰ አሳ በልቼ ወደ አርዲቦ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ጭቃው ሲበረታ አውርዶ አስገፋን፤ ሂሳቡን ግን አልቀነሰም።

እትዬ ፋጡማን ያገኘኋቸው ደጃፋቸው ላይ ሌማት ሲሰፉ ነው። ወስፌው ይገባል፣ ይወጣል፤ ቀይና አረንጓዴው አክርማ፣ ማንም ሳይስለው ሳይለካው፣ ኮከብ ይሆናል። አፌን ከፍቼ ቆየሁና የቅጹን የመጀመሪያ ጥያቄ አነበብኩ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሥራ የለኝም፣ ወንድሜ። ቤት ነው ያለሁት።»

«ይኼ የሚሰፉትስ?»

«ይሄማ እጄ እንዳይፈታ ነው» ብለው ሳቁ።

በደንቡ የሚጻፈው ሰው ስለራሱ የተናገረው ነው፤ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። ከመሄዴ በፊት ስለ መሥሪያ ክፍሉ ስነግራቸው ጓዳቸውን አሳዩኝ። ለዓመት ያከማቹት የስፌት ሣር፣ ስንደዶው፣ ጣራው አፍስሶበት ሻግቷል። «ያ የምትሉት ክፍል ቢሠራ ሣሩም እኛም ከዝናብ እንጠለል ነበር» አሉ።

መንደሩን አዳርሼ ስቆጥር የተመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሰርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ወጣት። የሌሎቹ ሁሉ መልስ «ገበሬ» ወይም «ቤት ነኝ» ነበር። የሻገተው ሣር ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ።

ማክሰኞ፣ ውጫሌ

የአምባሰል ወረዳ ከተማ ውጫሌ የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። አምባሰል ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም ነው፤ ስለዚህ እዚህ ቅጹ ሞልቶ ይፈሳል ብዬ ነበር። ማሲንቆ ተጫዋቹን አያ ይመርን ሽንኩርት ሲሸጡ አገኘኋቸው።

«ሥራዎ?»

«ገበሬ።»

«ማሲንቆውስ?»

«እሱማ ጨዋታ ነው እንጂ ሥራ ነው እንዴ?»

አጠገባቸው በርበሬ የዘረጋው ሰውዬ አልቻለም። «አትስማው መምህር! እርሻውን አረም ውጦታል። በማሲንቆው ግን አገር ያርሳል። ወላሂ፣ በሰርግ ወራት ቤቱ አድሮ አያውቅም! ማሲንቆውንም የሚሠራው ራሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

አያ ይመር ተገርመው አዩኝ። «ሰው በገዛ አፉ ባለሙያ ነኝ ይላል? ነውር አይደለም? ይኸው፣ ጎረቤቴን ጠይቅ።»

ስህተቴ ገባኝ። በዚህ አገር ሥራ ማለት ቅጥር ወይም እርሻ ነው፤ የእጅ ጥበብ ሙያ ይባላል፣ ማሲንቆው ደግሞ ጨዋታ። ሙያን የሚመሰክረው ሌላ ሰው ነው።

ረቡዕ፣ እንደገና አርዲቦ

በአዲስ ቅጾች ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰርዤ በእጄ ጻፍኩ፦ «ከእርስዎ ሌላ በዚህ መንደር ባለሙያ ማን ነው?»

እትዬ ፋጡማ ጥያቄውን አላስጨረሱኝም። «ከድጃ ናታ! የሷን ሙዳይ ያየ የኔን ሌማት ዞሮ አያይም።»

ከድጃ ዘንድ ስሄድ «እሷ ራሷ እያለች?» አለችኝ። «ወስፌ ያስያዘችኝ ፋጡማ አይደለች!»

ከድጃ ወደ ሸማኔው፣ ሸማኔው ወደ መንዙማ አውጪው ላኩኝ። አንዱ ሌላውን ሲያነሳ ፊቱ ይበራል። ያን ሁሉ ጥበብ ሰኞ እለት ሳላየው በአጠገቡ አልፌው ነበር። ማታ ስቆጥር አሥራ አራት ስም ሞልቷል።

ዓርብ፣ ደሴ

ቅጹን የተረከበኝ የጥናቱ ኃላፊ ፊቱን አጨማደደ። «ጥያቄውን ሰርዝ ያለህ ማነው?»

«አያ ይመር» አልኩና ታሪኩን ነገርኩት። ዝርዝሩን ቀስ ብሎ አነበበ። ከየስሙ ጎን የመሰከረው ጎረቤት ተጽፏል። «እንዲህ ያለ ቅጽ አይቼ አላውቅም» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት።

ለተማሪዎቼ መለኪያ የሚጀምረው ከቁጥር ነው እላቸው ነበር። አሁን ከቃል ይጀምራል እላቸዋለሁ፤ ቃሉ ከተሳሳተ ባለሙያ የሞላበት መንደር ባዶ ተብሎ ይጻፋል።

ክፍሉ እንደተፈቀደ ስሰማ ለእትዬ ፋጡማ ደወልኩ።

«አልሃምዱሊላህ!» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንዲያው መምህር፣ አሁን ሥራ ያዝኩ ማለት ነው?»

ከኋላቸው ሴቶቹ ሲስቁ ይሰማኛል፤ ከሁሉ በላይ የከድጃ ሳቅ።