ሙሽራ በሌለባት የሙሽራ መኪና ከአያት እስከ ቦሌ

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እኔና ታናሽ ወንድሜ ብሩክ አያት ካለው ኮንዶሚኒየማችን ስንወጣ የጉዟችን ዓላማ አንድ ብቻ ነበር፤ መኪናዋ መንገድ ላይ እንድትሞትልን።

መኪናዋ የብሩክ ናት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከኋላ ሁለት ሰው የምታስቀምጥ፣ ለመሬት የቀረበች ቀይ ስፖርት መኪና፤ ለሙሽሮች ያከራያታል። ከገዛት ወዲህ ከፋብሪካ ያልመጣ ብዙ ነገር አስገጥሞባታል። ከመቀመጫው ኋላ የሙዚቃ ድምፅ የሚያጎላ ትልቅ አምፕሊፋየር አለ፤ በሩ ሲከፈት መሬቱን በሰማያዊ የሚያደምቁ ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ አላርምም አለ። በአዘቦት ቀን አንድም ችግር የለባትም። ሰርግ ሲሆን ግን ታሳፍራለች። ባለፉት ሁለት ሰርጎች ሙሽሮቹ ቦሌ ፎቶ ተነስተው ሲመለሱ ባትሪዋ አልቆ ተገኘ። አንደኛዋ ሙሽራ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ በታክሲ ሄደች።

ብሩክ «የሰው ዓይን ነው» ይላል። ዕቃዎቹን የገጠመለት የጉርድ ሾላው ኤሌክትሪሻን ከማል ደግሞ ባለፈው ሳምንት መርምሯት «ቁልፏ ከተነቀለ በኋላ ባትሪዋን የሚበላ ነገር የለም» አለ።

እኔን ያስጨነቀኝ የቅዳሜው ሰርግ ነው። ሙሽራዋ ሌንሴ የመምህር ዲንሳ ልጅ ናት። በሠላሳ አራት ዓመቴ ለማታ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፊዚክስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጆች ከሚያስጠኑበት ጊዜ ቀንሰው እሁድ እሁድ ከጸሎት መልስ ለብቻዬ ያስረዱኝ ነበር። መኪናዋን ለልጃቸው ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ሌንሴ በዘመድ ፊት መንገድ ላይ ብትቀር በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?

መምህር ዲንሳ ሙከራ ሲያስተምሩ «ያልገባሽ ነገር ሲገጥምሽ እንደሆነው አድርገሽ ድገሚው፤ ምንም አታጉድዪ» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ሞክሮ አወቅሁ የሚል ተማሪ ሲመጣባቸው «ስንት ጊዜ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ከሦስት ያነሰ መልስ አይቀበሉም። ስለዚህ ብሩክን በሰርግ ቀን የሚያደርገውን ሁሉ በተራ አስነግሬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

«ሙሽራዋስ?» አለኝ።

«እኔ እቀመጣለሁ።»

«እታለም፣ አንቺ እኮ መጽሐፍ ይዘሽ ነው የምትቀመጪው!»

ጉርድ ሾላ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

የሲኤምሲ መንገድ በጠዋት ደስ ይላል። ከግራና ቀኝ ያላለቁ ፎቆች፣ በመሐል ባቡሩ። ጉርድ ሾላ ደርሰን መኪናዋን በአራት መቶ ብር ላቫጆ አሳጠብን። ቀጥለን ብሩክ ዘወትር ወደሚያሠራባት አበባ አስጊያጭ ወደ ራሄል ሄድን።

«በሐሙስ የማን ሰርግ ነው?» አለች።

«የሷ» አለ ብሩክ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«ውይ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» ብላ ሳመችኝ። እውነቱን ብነግራትም አላመነችኝም። ነጩን ሪባን ከኮፈኑ ጀምራ ዘርግታ፣ ነፋስ እንዳያርገበግበው ጫፉን ቋጥራ በቀኙ በር ውስጥ አስገባችና ዘጋችው። አበባውን ሳታጓድል ሠራችልን፤ አንዷን ነጭ አበባም ደብተሬ ላይ አኖረችልኝ።

መገናኛን አልፈን

መጨናነቁ ውስጥ አንድ ታክሲ ከጎናችን ቆመ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሙሽሪት! ሙሽራው የት ቀረ?» አለ።

«መገናኛ ወረደ!» አለ ብሩክ።

«ወራጅ አለ ሳይል?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ። እኔ አንገቴን መጽሐፌ ውስጥ ቀበርኩ። ሆኖም ለማያውቁት ሰው እንዲያ ደስ መሰኘታቸው ሆዴን አባባው።

ቦሌ፣ አራት ሰዓት ከሃምሳ

ሙሽሮች ፎቶ ከሚነሱበት የአትክልት ቦታ ደጅ አቆምናት። ቁልፉን ነቅለን፣ የሪባኑን ቋጠሮ እንደ ነበረ በቀኙ በር ውስጥ መልሰን ዘጋን፤ በሁለቱም ሰርጎች የቆመችውን ያህል ሁለት ሰዓት ልትቆም ነው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ተቀምጠን ሳንቡሳ በሻይ በላን። ሰባት ሰዓት ሲሆን ብሩክ ቁልፉን አዞረ። ትክ፣ ትክ፣ ትክ። ዝም።

«ሞተች!» ብዬ አጨበጨብኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምኑ ነው የሚያስደስትሽ?»

በብሩክ በር በኩል ከመቀመጫው ኋላ እጄን ሰድጄ አምፕሊፋየሩን ነካሁት። ቁልፉ ከተነቀለ ሁለት ሰዓት አልፎት እንኳ ይሞቃል። ብሩክን አስወርጄ በሩን ዘጋሁና፣ ሪባኑ ባለበት በኩል በርከክ ብዬ መጽሐፌን በበሩ ሥር ጥላ አድርጌ ያዝኩት። በፀሐይ የማይታየው ሰማያዊ ብርሃን፣ ደከም ቢልም፣ አስፋልቱ ላይ ነበር።

ከማልን ደወልንለት፤ ሥራውን ትቶ በሞተር መጣ። በሩን ሳይከፍት በእጅ ባትሪ እያበራ ዙሪያውን አየ። በሩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ የሪባኑ ቋጠሮ ጥቂት ገፍቶታል፤ መዘጋቱን የምታሳውቀው ትንሽ ማብሪያ እስከ መጨረሻው አልተጫነችም። ስለዚህ መኪናዋ በሩ ክፍት እንደሆነ ታስባለች።

«መብራቶቹ እንኳ ብቻቸውን ባትሪ አይጨርሱም» አልኩት። «አምፕሊፋየሩን ማን ቀሰቀሰው?»

ከማል ምንጣፉን ገልጦ አንዲት ቀጭን ሽቦ በጣቱ ተከተለ። አምፕሊፋየሩን የምትቀሰቅሰው ሽቦ ከበሩ መብራት መስመር ላይ ተጠልፋለች።

«የእኔ እጅ ነው» አለ። «ቅርቡ መስመር እሱ ነበር፣ አቋራጭ ፈለግሁ። ስመረምራትም ሪባን አልነበራትም። አፉ በሉኝ።»

በሌላ ሰው ማሳበብ ይችል ነበር። ራሄል አለች፣ ሪባኑ አለ። ያችን ቃሉን እስካሁን አከብራታለሁ።

ተመልሰን ጉርድ ሾላ

በኬብል አስነስተን ተመለስን። ከማል ሽቦዋን ፈትቶ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኮረንቲ ወደሚያገኝ መስመር ወሰዳት፤ ለብቻዋም ፊውዝ አደረገላት። ባትሪው ሲሞላ «በቃ፣ በሰላም ግቡ» አለ።

«ሁለት ሰዓት ትቁም። ሪባኑም በሩ ውስጥ ይሁን» አልኩት።

«ወንድሜ፣ እህትህን እንዴት ነው የምትችላት?»

«ማን ቻላት ብሎህ ነው!»

ቢሆንም ሁለቱም አብረውኝ ጠበቁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብሩክ ቁልፉን አዞረ፤ በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ቤት

ፀሐይ ስትጠልቅ አያት ደረስን። አበባውን ያየችው የምድር ቤቷ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር እየሮጠች ወጣች። «ሳትነግሪን? እኛ ሰው አይደለንም?» ብላ ተቆጣችኝ። ምክንያቱን ስነግራት ደግሞ ለመኪናዋ እልል አለችላት።

ያን ማታ ደብተሬ ላይ የሰዎቹን ስም ጻፍኩ። ከማልን፣ ራሄልን፣ ረዳቱን፣ ቀኑን ሙሉ እየተነጫነጨ ያልተለየኝን ወንድሜን። ከቤት ስወጣ የሽቦ ስህተት ፍለጋ ነበር የወጣሁት። ስመለስ የገባኝ፣ ብቻዬን ብሆን ኖሮ እንኳን ስህተቱን ሙከራውንም እንደማልጨርሰው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ራሄል ሪባኑን እንደ ልማዷ በሩ ውስጥ አስገባችው፤ አልከለከልኳትም። ሌንሴ ቦሌ ፎቶ ተነስታ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይታ ተመለሰች። ብሩክ አየኝና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ። ሌንሴ ቀና ብላም አላየችም፤ ከባሏ ጋር ትስቅ ነበር።

መምህር ዲንሳ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ጥሩ መኪና ናት። አታስቸግርም?» አሉኝ።

«ሞክሬያታለሁ፣ መምህር።»

ዓይናቸው ከልጃቸው ሳይነሳ፣ እንደ ድሮው «ስንት ጊዜ?» አሉ።

«ይኼ ሦስተኛው ነው።»

«ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝ፤ መኪናዋም ጡሩንባዋን እያስጮኸች ሄደች።