እናቴን ጸሎት ያስቆምኩበት ሳምንት

ከጋፋት የወጣሁ ለት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ እናቴ ክብሪት በመሀረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ በወደቅሁ ቁጥር ክብሪት ጭራ የምታሸተኝ እሷ ነበረች።

«ሰው አገር ማን ይጭርልሻል ልጄ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ክብሪቱን አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ ወሰደብኝ።

የጀርመንን ብርድ እንኳ ቻልኩት፤ የጉና ሥር ልጅ ነኝ። የከበደኝ ሰዉ ነው። አንድ ቀን ከወደቅሁበት ስነሳ አከራዬ በሩ ላይ ቆማ «ከምሳ በኋላ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» አለችኝ። ወይ እግዜር ይማርሽ የለ!

መድኃኒቱ አልይዝ ሲለኝ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አሰቡልኝ። በሽታው ከጭንቅላቴ ከየት እንደሚነሳ ግን አስቀድመው ማወቅ ነበረባቸው። ራሴን ሙሉ ሽቦ ለጥፈው፣ መድኃኒቴን ቀንሰው፣ ካሜራ ደቅነው እስኪጥለኝ ይጠብቁ ጀመር። አገር ቤት እንዳልወድቅ ነበር የሚለመነው፤ እዚህ ሐኪሟ ጠዋት ጠዋት ብቅ ብላ «ዛሬም የለም?» ትለኛለች፣ እንደቀረ ሠርገኛ። በመጨረሻም «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልመጣ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ጠረጠርኩና ደወልኩ።

«እማዬ፣ ስለት ተስለሻል እንዴ?»

«ታዲያስ! እንዳይጥልሽ ለመድኃኔዓለም ጃንጥላ ተስያለሁ።»

«እባክሽ ለዚህ ሳምንት ተዪው። ካልወደቅሁ ቦታውን አያገኙትም።»

«ልጄን ጣላት ብዬ ልለምን? አፌን ይያዘው!» መቁጠሪያዋን ስታስቀምጥ ተሰማኝ። «እንግዲህ ዝም እላለሁ። እሱ ያውቃል።»

በማግስቱ መጣ። እንደ ልማዱ ሽታው ቀደመ፤ የወንዛዬ ፍል ውኃ ሽታ፣ ልጅ ሆኜ እናቴ ወገቤን ይዛ ስትነክረኝ የነበረው፣ የሞቀ ድንጋይና የእርጥብ ነጠላ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስነቃ ሐኪሟ ፊቷ ፈክቷል። «አገኘነው! ከቀኝ ጆሮሽ በላይ ነው። የነገርሽን ሽታም የሚነሳው ከዚያው ነው።»

«ሲቆረጥ ሽታውስ?»

«አብሮ ይሄዳል። ደስ አይልሽም?»

ምን ብዬ ላስረዳት? ስደተኛ ነኝ፤ ወረቀቴ አገሬ መግባት አይፈቅድልኝም። ወንዛዬን የማገኘው በዚያች ሽታ ብቻ ነበር።

ለእናቴ ደወልኩ።

«ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«እልል በይ እንጂ! ምን ያስለቅስሻል?»

ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

«ሞኝ! ወንዛዬ የት ይሄዳል? ድነሽ ነይና አሽቺው።»

«እሺ» አልኳት። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም።