በባዶ ሆድ የተሞላ ፎርም

«በላህ ወይ?» ስባል «በልቻለሁ» ማለት ከእናቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ጨዋነት ነው። እርቦኝም በልቻለሁ፤ ታምሜም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጋምቤላ ማስተርስ ልማር እስክገባ ድረስ ይህን መልስ የተጠራጠረ ሰው አልገጠመኝም።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አዲስ ገቢዎችን ዓርብ ዓርብ እየሰበሰቡ ያወያያሉ። የኛን ቡድን የምትመራው ነርስ ስለነበረች ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋዋ ነው፤ አጥርታ ትናገረዋለች፤ ይሉኝታችንን ግን አብራ አልወሰደችም። «እንዴት ናችሁ?» አትልም። «ዛሬ ምን በላህ? ስንት ሰዓት እንቅልፍ አገኘህ?» ነው የምትለው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። አቦቦ ወረዳ፣ የትውልድ ቀዬዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ ሰው እንደ ሕፃን ምን በላህ ልባል? «በልቻለሁ» አልኳት። «ምን?» አለች። ከዚህ በፊት «ምን» ብሎ የቀጠለ ሰው የለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ፍርፍር» አልኩ።

በሦስተኛው ወር የስታቲስቲክስ ፈተና ወደቅኩ። የተማሪ ወረቀት ላይ ቀይ ሳሰምር የኖርኩት ሰውዬ የራሴን ቀይ ሳይ ቅስሜ ተሰበረ። አባቴ «ልጄ ማስተርስ ሊይዝ ነው» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል፤ በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ? ሁለት ቀን እህል ሳልቀምስ በሙቀቱ ስገላበጥ ቆይቼ የማቋረጫ ፎርም ሞላሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የቤተሰብ ችግር» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ ልሰናበት ሄድኩ። «ምን በላህ?» ስትለኝ መዋሸት አቃተኝ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምንም» አልኩ።

ምክር አልሰጠችኝም። ኒውላንድ ሰፈር ምግብ ቤት ወስዳ ዓሣ አዘዘችልኝና እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች። ፎርሙን ሳወጣ ርዕሱን ብቻ አይታ፣ የጻፍኩትን ሳታነብ መለሰችልኝ።

«ይሄን የሞላው የራበው ሰው ነው። ሰኞ አብረን እናስገባዋለን። እስከዚያ ብላ፣ ተኛ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እሷን ያህል ያከበርኩት ሰው ጥቂት ነው።

ሰኞ ሬጅስትራር መስኮት ጋ ተሰልፌ ሳለ መጣች።

«ምን በላህ?»

«እንቁላል።»

«ተኛህ?»

«ተኝቻለሁ።»

ያኔ ፎርሙን ተቀብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችው። ደንግጣ ቀና አለች። «መምህር፣ ቤተሰብህ ምን ሆኑ?»

ከልቧ ነበር የጠየቀችው። አባቴ አቦቦ በቆሎውን እየኮተኮተ ስለኔ ሲያወራ ታየኝ።

«ምንም» አልኳት። «ምንም አልሆኑም። ፈተና ወድቄ ነው።»

«እሱማ እኔም አምና ወድቄያለሁ» አለች።

ተራዬ ደርሶ ነበር። ከኋላዬ ላለው ሰው ለቀቅኩለት።