ጀርባዬን የሰጠኋቸው ዕለት

ነገሩ የሆነው አምና፣ አሶሳ ላይ ማንጎ በየደጁ በሚረግፍበት ወቅት ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ጆሮዬ ይግላል፤ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ።

የተማርኩት የኦርኬስትራ መሪነት ነው። እናቴ ጨርሶ ያልገባት ሙያ! «የምትጫወተው ምንድን ነው?» ትለኛለች።

«ምንም።»

«ታዲያ መድረክ ላይ ምን ታደርጋለህ?»

«እጄን አወዛውዛለሁ።»

እጅ ለማወዛወዝ ያን ሁሉ ዓመት መማሬን ለጎረቤት መናገር ታፍር ነበር።

እውነቷን ነው፤ ተመርቄ አንድም ኦርኬስትራ መርቼ አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ መዝሙር ሳስጠና ቆይቼ አሶሳ፣ አንድ የባህል መሥሪያ ቤት ተመደብኩ። እዚያ የበርታ ብሔረሰብን ዙምባራ ከክራር፣ ከማሲንቆና ከኪቦርድ ጋር አቀናጅቼ ለበዓል እንዳቀርብ ኃላፊው ፈቀዱልኝ። «ካማረ ቡድኑ ቋሚ ይሆናል፤ መሪውም አንተ ነህ። ካላማረ ግን መዝገብ ቤት ሰው ጎድሎናል» አሉኝ። የቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ዙምባራ ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ጣል ሲያደርግ ነው። አንዱ ከቀረ እንደ ወለቀ ጥርስ ያስታውቃል።

የነፊዎቹ አውራ አልፈድል ይባላል። ከቀርከሃ ያስጠረብኳትን መምሪያ ዱላዬን ሲያይ «ማንን ልትገርፍ ነው?» አለኝ። እነሱ ሲነፉ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ እኔ ደግሞ ቁሙ አልኩ። «እግሬ ከቆመ ትንፋሼም ይቆማል» አለ። በስንት ልምምጥ፣ በስንት ቁጣ አቆምኳቸው። «ዱላዬን ብቻ እያያችሁ ንፉ!» አልኩ።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ከፊት ረድፍ ከመንጌ የመጡ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በዚያ ሙቀት ጥቁር ሱፍ ለብሼ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ ወጣሁ። እጅ ነሳሁና፣ እንደተማርኩት ፊቴን ወደ ተጫዋቾቹ፣ ጀርባዬን ወደ ሕዝቡ አዞርኩ።

ጉምጉምታ ተነሳ። «ጀርባውን ሰጠን እኮ!» ሲባል ሰማሁ። ዱላዬን ሳላነሳ አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ አንድ ሼህ ናቸው።

«ልጄ፣ እንግዳ ወዲህ ነው። ጀርባ ነውር ነው» አሉና በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩኝ።

ለእሳቸው የኦርኬስትራን ሕግ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ኃላፊውን ባይ በዓይናቸው «እሺ በል» አሉኝ። ሼሁ መርቀውኝ ተመለሱ። አለቀልኝ! የመዝገብ ቤቱ አቧራ ከሩቅ ሸተተኝ።

ቢያንስ ተጫዋቾቹ ከኋላ እንዲያዩኝ ብዬ ሁለት እጄን ከፍ አደረግሁ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ! ብሔራዊ መዝሙር ሊዘመር ነው ብለው ነው መሰል፣ ቆቡን ያወለቀም ነበር። ደንግጬ እጄን አወረድኩ። ቁጭ አሉ። መጀመሬ አይቀርምና እንደገና አነሳሁ። እንደገና ብድግ! ኃላፊውም ጭምር። መልሼ ሳወርድ አንዲት የወሎ እናት «ኧረ ልጄ፣ አንዱን ቁረጥ፤ ወገቤን ጨረስከው!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

በዚያ ሳቅ መሐል አልፈድል አላስቻለውም፤ ነፋ። ቀጣዩ ተቀበለው፣ ሌላውም ተቀበለ፣ ከዚያ የታሰረው እግራቸው ሁሉ ተፈታ። እኔን መሐል ከተው መዞር ጀመሩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሕዝቡ እየተነሳ ገባ፤ ክራሩም ኪቦርዱም ተከተለ። እኔም ዱላዬን ሰቅዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በላብ ተጠምቄ መራሁ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ሲያልቅ ኃላፊው እየሳቁ መጡ። «ይህ ሕዝብ ስብሰባ ላይ ስንቴ ተነሱ ብንለው እንቢ ብሎናል፤ አንተ ግን ቃል ሳትናገር አስነሳኸው!» አሉ። ቡድኑ ቋሚ ሆነ።

አሁን ስንጫወት በጎን እቆማለሁ፤ ለማንም ጀርባዬን አልሰጥም። ነፊዎቹም እንዳሻቸው ይዞራሉ። አልፈድል መድረክ በወጣን ቁጥር «መሪ፣ ዛሬስ ታስነሳን ይሆን?» እያለ ይተርበኛል።

እናቴ የዚያን ቀን ቪዲዮ በስልክ አይታ ደወለችልኝ። «ዛሬ ገና ገባኝ ሥራህ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ልጅሽ ምን ይሠራል ያላት ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «የእኔ ልጅ? እጁን ሲያነሳ አገር ነው የሚነሳው!»

እኔም አላርማትም።