ሐጂ ከድር መኪናዬን ሲፈትሹ

አጎቴ ያወረሰኝ ቀይ የስፖርት መኪና ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ዕድሜዋም ከእኔ ይበልጣል። ባለፈው ጥር ማሞቂያዋ አልዘጋ ብሎኝ ከሮቤ ጎባ የደረስኩት ጫማዬን አውልቄ፣ ላቤ ጠብ እያለ ነው። በማግስቱ የእህቴ ሰርግ ነው፤ ሙሽራዋን የማደርሳት ደግሞ እኔ ነኝ። ኩሏ ጉንጯ ላይ ቢፈስ ማን ይምረኛል?

ጎባ ውስጥ አንጋፋው መካኒክ ሐጂ ከድር ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ ብለው አዩና መልሰው ዘጉት።

"ስትሄድ ማየት አለብኝ። ወደ ሳነቴ ንዳ!"

"እዚያ ብርዳም ተራራ ላይ፣ ሳነቴ ድረስ?"

"ኤዬ! ዳገት ላይ ነው ነገሩ የሚለየው።"

ገብተው ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን ሙቀቱ ወደሚወጣበት ዘረጉ። መስኮት ልከፍት ስል "ተው፣ ፍተሻውን ታበላሽብኛለህ" አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሞተሩን ድምፅ የሚያዳምጡ መስሎኝ ትንፋሼን ውጬ ነዳሁ። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የእኔ ሸሚዝ ግን ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሳነቴ ደርሰን ጎባ እስክንመለስ ዓይናቸውን አልገለጡም።

"ሐጂ፣ ችግሩን አገኙት?"

"እሱንማ ሳንነሳ አግኝቼዋለሁ። ከሞተሩ ወደ ማሞቂያው የሚሄደው የሙቅ ውሃ መዝጊያ ሽቦው ተነቅሎ ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።"

"ታዲያ ሳነቴ ምን ልናደርግ ሄድን?"

ጉልበታቸውን እያሻሹ ሳቁ።

"ይሄ ጉልበት ከክረምት ወዲህ እንዲህ ሞቆት አያውቅም፣ አልሐምዱሊላህ! በል ቆየኝ፣ ባለቤቴን ልጥራት። እሷን አንዴ ሳነቴ አድርሰህ መልሳትና እሠራልሃለሁ። የእሷ ወገብ ይብሳል።"